የቤታችን ቁልፍ በሰው እጅ

ለናፈቅከን ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይግባልህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የጌታን ልደት በምንጠብቅበት በዚህ ሰሞን ሰባኪው «ጌታ ባላሰባችሁት ሰዓት ይመጣልና ነቅታችሁ ጠብቁ» ብለውን ነበር። አባዬ ቃሉን ከልቡ ይዞታል። ቁልፍ መቅረጫ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ ሲጸልይ ይውላል። ሥራውንም አልተወም፤ እጁ እንደ ድሮው ነው። ብቻ ሰሞኑን ደንበኛ ምንም ዓይነት ቁልፍ ቢያመጣለት፣ የኛን ቤት ቁልፍ ቀርጾ ይሰጠዋል። ትናንት ዳቦ ጋጋሪው «ይቺ የኔን በር እንቢ አለች» ብሎ መለሳት። በኛ በር ሞከርኳት፤ ሰተት ብላ ገባች።

ለአባዬ ስነግረው ሳቀና፣ «ታዲያ ጌታ ሲመጣ ደጅ ይጥና እንዴ?» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዬን ከሱ ማሽን አጠገብ አድርጌዋለሁ። እሱ ጌታን ሲጠብቅ እኔ እሱን እጠብቃለሁ።

ዘንድሮ ልደቱን ከኛ ጋር አክብር እንጂ። ቁልፍ እንደሆነ አያስቸግርህም፤ በየጎረቤቱ ሞልቷል። ብቻ አትዘግይ።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኑን ስምህን ጠርቼ ለአባዬ ስነግረው፣ «ለሰውዬው ሰላም በይልኝ» ብሎሃል።

ታናሽ እህትህ