ከታንጉት ነጥቀው ለእኔ ስለ ሰጡኝ የእጥበት መኪና

ለተከበሩ አቶ ይስሐቅ፣
የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ የምንጣፍና የወለል አጣቢዎች ኅብረት ሰብሳቢ፣
ወገዳ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ሰዓት እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከእጅዎ የማይለየው ማኅተምዎም በፍጹም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ስምንት ዓመት ሙሉ ሴራሚክ ላይ ስለ ተንበረከከ እንጂ እርስዎን ለመውቀስ ብሎ አልታመመም።

ባለፈው ማክሰኞ ከነቁልፉ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሞተሩም፣ ውኃ ማሞቂያውም፣ ሮቶውም በጭነት መኪና ላይ የተገጠመለት የኅብረታችን ብቸኛ የእጥበት ማሽን «በተፈጸመ ጥፋት ምክንያት» ከወይዘሮ ታንጉት ተነሥቶ ለእኔ ለተሾመች ካሣሁን እንዲሰጥ መወሰንዎን አብሥረውኛል። መልሴን በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬን እርስዎ ብቻ አንብበውት እንዳይቀር ሰግቼ ነው። ለምስጋናው መንደርደሪያ ይሆን ዘንድ ግን አስቀድሜ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ/ እንደሚያውቁት እኔና ታንጉት ስድስት ዓመት ያህል አንዲት በእጅ የምትጎተት ትንሽ ማሽን እሷ በአንድ ጎን፣ እኔ በአንድ ጎን ይዘን፣ ዳገቱን አውጥተን ቁልቁለቱን አውርደን፣ የዚህን ከተማ ምንጣፍ ስናጥብ ኖረናል። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ጥቅምት መኪናው ሲመጣ ግን መመዘኛው መንጃ ፈቃድ ሆነና ሚዛኑ ወደ እሷ አዘነበለ። ታንጉት ከሁለት ዓመት በፊት ፈቃዱን ለማውጣት ደብረ ታቦር ስትመላለስ «ምን ልትነጂ ነው፣ አህያ?» ብዬ በሰው ፊት ስቄባታለሁ። እርስዎ አርቀው አሳቢ ነዎትና ይህን መመዘኛ ያን ጊዜ ሹክ ቢሉኝ ኖሮ ሳቄን ቆጥቤ አብሬያት በሄድኩ ነበር።

፪ኛ/ ማሽኑን በተረከበች በሦስተኛው ቀን የስብሰባ አዳራሹን እንድታጥብ ታዘዘች። ያን አዳራሽ እኔ ከዚያ በፊት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ለሦስት ቀናት ተንበርክኬ አጥቤው ነበር። በዚያ ቀን መብራት አልነበረም፤ የእኔ ማሽን መብራት ሲጠፋ እንደ ሞተች በግ ዝም ትላለች፣ የእሷ ግን የራሱ ሞተር አለውና አገሩን እያስተጋባ ሠራ። እኔም ለማየት አልመጣሁም ለማለት ያህል ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁ። ከረጅሙ የውኃ ጎማ የወጣው እጣቢ እንደ ጠላ አተላ ጠቁሮ ቦዩን ሞላው። የአዳራሹ ጥበቃ አቶ ፋንቱ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው፣ ወደ እኔ ዞሮ «ተሾመች፣ ይሄ ሁሉ የት ነበር?» አለኝ። የመንገድ አቧራ ነው ብዬ መለስኩለት። የራሴ የስምንት ዓመት ሥራ በቦይ ሲወርድ ቆሜ ያየሁ መሆኔን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘሁም። መኪናው በቤቴ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ከሌላው ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ታንጉት ከመሪው ኋላ ሻሽዋን አጥብቃ አስራ፣ ክንዷን በመስኮት አውጥታ፣ ለሰዉ ሁሉ ሰላምታ እየሰጠች ታልፋለች፤ ለእኔ ደግሞ ጡሩምባ ትነፋልኛለች። እኔም የሆነ ነገር የወደቀብኝ ይመስል መሬት መሬት አያለሁ። ይባስ ብለው የገዛ አማቴ እንኳ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው በር ላይ አቁመው፣ ያ መኪና የሚመጣው መቼ እንደ ሆነ ጠየቁኝ።

፫ኛ/ ለማሽኑ የሁለት ቀን ሥልጠና ሲሰጥ ከበሩ ቆሜም ቢሆን ልስማ ብዬ ለምኜ ነበር። ሥልጠናው ማሽኑን ለሚረከብ ሰው ብቻ መሆኑን በመግለጽ ከአላስፈላጊ እውቀት ስለ ጠበቁኝ አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ስለ ሆቴል ምንጣፍና ስለ ሳሎን ሴራሚክ በሰፊው አስተምሮ፣ እንደ ዳዊት የወፈረ፣ በከተማችን የሚያነበው ያልተገኘ መመሪያ አስረክቦ ሄደ። ስለ በግ ጠጉር አንድ ቃል እንዳልተነፈሰ የሰማሁት በኋላ ነው።

እስከ ስድስተኛ የሚደርስ ቅሬታ አሰናድቼ ነበር። አራተኛው ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ አልሄድ አለኝ። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ የሆነውን እንደ ሆነ ልንገርዎ።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሊከበር አንድ ሳምንት ሲቀረው የደብሩ አገልጋይ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል የቅኔ ማኅሌቱን ምንጣፍ እንድታጥብ ታንጉትን ጠሩ። እኔንም ስለ ቀድሞው ልፋቴ አክብረው ጠሩኝ። ያ ምንጣፍ ከሱቅ የመጣ አይደለም። የሰበካው ሴቶች ሁለት ክረምት የበግ ጠጉር ፈትለው፣ የጋይንት ሸማኔዎች የሠሩት ነው፤ ከፈታዮቹ አንዷ የታንጉት እናት እሜቴ ማሬ ናቸው። እኔና ታንጉት በየዓመቱ በትንሿ ማሽን አጥበነው በጥላ እናደርቀው ነበር። ትንሿ ማሽን ውኃ አታሞቅም። ስለዚህ ሙቅ ውኃ የበግ ጠጉርን ምን እንደሚያደርገው ታንጉት የምታውቅበት ቀን አልነበረም። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ በእናቴ የበግ ጠጉር ባና ላይ የፈላ ውኃ ደፍቼ ሲኮማተር ስላየሁ አውቃለሁ።

ዲያቆናቱ ምንጣፉን አውጥተው ከጥዱ ሥር ሣሩ ላይ ዘረጉት። መኪናው ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ የውኃ ጎማው በበሩ ገባ። ታንጉት ጫፉን እንደ ያዘች ወደ እኔ መጣችና «እትዬ ተሾመች፣ በሙቁ ላድርገው?» አለችኝ።

«መኪናው ያንቺ፤ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ሄዳ ሙቁን ከፈተችው። እንፋሎቱ ተነሣ፤ እኔም ዓይኔ እያየ ጠርዙ ተጠቀለለ፣ ሐረጉ ተጣመመ። አቁሚ ለማለት ጊዜ ነበረኝ፤ አላልኩም። ሲደርቅ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሞላ የነበረው ምንጣፍ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ክንድ ጎደለ፣ እንደ ደረቀ ቆዳም ገተረ። እሜቴ ማሬ መጥተው ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ በቃለ ጉባኤ አስፍረውታል። በሸንጎው ታንጉትን ሰው አማክራ እንደ ነበር ሲጠይቋት «ማንንም» ብላ ተቀመጠች። እኔ ሦስት ወንበር ርቄ ተቀምጬ ነበር። እርስዎም ጉዳዩን በዚያው መርምረው ጨርሰው፣ ልምድና ጥንቃቄ ያላት እያሉ ስሜን ጽፈው መኪናውን ሰጡኝ። ስለ ጥንቃቄዬ የተጻፈውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ያን ቀን በእርግጥም ከአፌ አንዲት ጠቃሚ ቃል እንዳትወጣ እጅግ ተጠንቅቄ ነበር።

ቁልፉን ሦስት ቀን በመሐረቤ ቋጥሬ ያዝኩት። የምመኘው ነገር እጄ ገብቶ ማንም ሳይነካኝ አለቀስኩ። በአራተኛው ቀን ወደ መሪጌታ ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸውም ለእርሳቸው መናገሬ መልካም እንደ ሆነ፣ ነገር ግን ታንጉት የተፈረደባት በእርሳቸው ፊት አለመሆኑን በለሆሳስ አስታወሱኝ። ከዚያ ወደ ታንጉት ቤት ሄድኩ። ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉንም ስነግራት ቀና አላለችም። «ዓይንሽን አይቼ ገብቶኝ ነበር» አለች። «እልህ ያዘኝና ከፈትኩት። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።»

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አውቃ ኖሮ ነው በሸንጎው ስሜን ያላነሳችው። በመኪናዋ አምስት ወር ቀንቻለሁ፤ አሁን ደግሞ በዚያች «ማንንም» ባለችው ቃል እቀናለሁ። ይህችን ደግሞ እርስዎ ከእሷ ነጥቀው ለእኔ ሊሰጡኝ አይችሉም፣ ማኅተምዎ ምንም ያህል ቢከብድ።

ቁልፉን ዛሬ ጠዋት ለታንጉት መልሼአለሁ፤ ፈቃድዎን አልጠየቅኩም፣ ላጠፋሁት ግን ጥፋተኛ ብለው ይመዝግቡኝ። የሰበካው ሴቶች ለምንጣፉ ግራና ቀኝ የሚቀጠል ጠጉር መፍተል ጀምረዋል፤ እኔም ከእሜቴ ማሬ አጠገብ ተቀምጬ እፈትላለሁ፣ እሳቸውም የእኔን እየፈቱ መልሰው ይፈትሉታል። እስካሁን አላናገሩኝም። ታንጉት ደግሞ ከመሪው ጎን ያለው ወንበር ባዶ መሆኑን ነግራኛለች፤ ልቀመጥበት አልቀመጥበት ገና አልወሰንኩም፣ ሞተሩ ሲነሣ አሁንም መሬት መሬት አያለሁና። ወደ ፊት ሥልጠና ሲኖር ግን ሁላችንንም ቢጠሩን፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከሸንጎ በፊት ለመስማት ዕድል ያገኙ ነበር።

ስለ ሰጡኝ ክብርና ሳይጠይቁ ስለ ፈረዱልኝ ፍርድ ከወገብ በላይ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ (ከዚያ በታች ጉልበቴ አይፈቅድም)፣
የኅብረትዎ አባልና አጥፊ፣
ተሾመች ካሣሁን
ወገዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጽሕፈት ቤትዎን ምንጣፍ በየዓመቱ የማጥበው እኔ ስለ ሆንኩ አንድ ነገር ማሳወቅ የሙያ ግዴታዬ ነው። ከበሩ እስከ ጠረጴዛዎ ያለው በባለጉዳይ እግር አልቆ ክሩ ወጥቷል። ከወንበርዎ እስከ መስኮቱ ያለው ግን ከተነጠፈበት ቀን ጀምሮ አንድም እግር ሳይረግጠው እንደ አዲስ ነው።