ማውጫ የሌለው ዲስክ

ውድ ኩኩ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሆድሽስ እንዴት ነው? ሐኪምሽ «ከአልጋ ንቅንቅ እንዳትዪ» ካለሽ ወዲህ፣ ድሮም ለመተኛት ሰበብ ትፈልጊ ነበር እያልኩ ሳሾፍብሽ ከረምኩ። ዛሬ ግን ማሾፊያዬ ተሰብሯል። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ተኝተሽ አንብቢው፤ ስትጨርሺም እንዳትነሺ።

እናትሽ ደህና ናት። የጉሮሮዋ ቀዶ ጥገና ተሳክቷል፤ እብጠቱን ከነሥሩ አውጥተውታል። ድምጿ ግን አስቀድመው እንደነገሩን አብሮ ሄዷል። ይህን ታውቂዋለሽ። የማታውቂው፣ «ጋሼ፣ ዲስኩ የት ደረሰ?» ባልሽኝ ቁጥር «ፖስታ ቤቱ እኮ ሰነፍ ነው» ያልኩሽ ውሸት መሆኑን ነው። ፖስታ ቤቱ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ያቺን ትንሽ ዲስክ የሚውጠውን ሚኒዲስክ መቅረጫሽን ስትልኪልኝ አንዲት ወረቀት አብረሽ ከትተሻል። «ከቀዶ ጥገናው በፊት እማዬን ቅረጽልኝ። ልጄ የአያቱን ድምፅ ሳያውቅ እንዳያድግ» ይላል። ከሥሩ «መመሪያውን አንብብ» ብለሽ ሁለቴ አስምረሽበታል። እኔ ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ ራዲዮ ፈትቼ የምገጥም ሰው፣ መመሪያ ለምኔ! ቀዩ ይቀርጻል፣ አራት ማዕዘኑ ያቆማል፤ ለዚህ ትምህርት ቤት አይገባም አልኩ።

ሆስፒታል ልትገባ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከሰዓት በኋላ፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ማይክሮፎኑን አቆምኩላት።

«በል ውጣ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ማሽኑን ማን ይጠብቀዋል?»

«እኔ እጠብቀዋለሁ። አንተ ጆሮ ጠቢ! ለልጄ የማወራውን ነገ ለሠፈሩ ልታድለው ነው?»

ቀዩን ተጭኜ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አርባ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ነበር፤ በሩ ግን ወፍራም ነው። የሰማሁት ጉርምርምታ ብቻ ነው። አንዴ ሳቀች። ከዚያ «ና፣ ጨርሻለሁ» ስትል ተሰማኝ።

ገብቼ ማቆሚያውን ተጫንኩ። በማሽኑ ጠባብ ስክሪን ላይ አንድ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። አላነበብኩትም፤ እናትሽ ጣቷን ቀስራብኝ ነበራ።

«እንዳትሰማው! ገና ዞር ከማለቴ ልትከፍተው ነው፣ አውቅሃለሁ።»

«እኔ?»

«አንተ! የጎረቤት ደብዳቤ በእንፋሎት ከፍተህ ያነበብክ!»

«እንግዲያስ ይኸው!» አልኩና፣ እንደ አስማተኛ እጄን በአየር ላይ አዙሬ ባትሪውን ከማሽኑ ሆድ መዥረጥ አደረግሁት። «እንኪ፣ አንቺው ያዢው። አሁን በምን እሰማዋለሁ?»

ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ኩኩ። እኔም ደስ አለኝ፤ ያን ቀን እሷን ማሳቅ ቀላል አልነበረም።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሦስተኛው ቀን፣ ልልክልሽ ስል፣ ደህና መሆኑን ብቻ ልይ ብዬ (አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምሰማው) ባትሪውን ከትራሷ ሥር አምጥቼ መለስኩት። ማሽኑ «ዲስኩ ባዶ ነው» አለኝ። አወጣሁት፣ አስገባሁት። ባዶ ነው።

ሮጬ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ።

«ድምጿ አልጠፋም፣ እዚሁ አለ» አለኝ። «ግን ይህ ማሽን ቀርጾ ሲያበቃ ማውጫ ይጽፋል፤ ምኑ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው በሱ ነው። አንተ ማውጫውን እየጻፈ ሳለ ባትሪውን ነቀልክበት። እሱ ደግሞ ማውጫ የሌለውን መጽሐፍ ባዶ ነው ብሎ ያምናል።»

«ታዲያ እኛ እንጻፍለታ!»

«የሌላ ዲስክ ማውጫ ተውሼ ማሽኑን ላታልለው እችል ይሆናል። ከሠራ ሠራ። ካልሠራ ግን ያለውም ይጠፋል፤ ሁለተኛ ሙከራ የለም። ልሞክር?»

ዕድሜዬን ሙሉ ማንንም ሳላስፈቅድ ዕቃ ስፈታ የኖርኩ ሰው፣ «ሞክር» ማለት አቃተኝ። «ተወው» ማለትም አቃተኝ። ዲስኩን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። «ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ሲባል ስንት ዓመት ስቄበታለሁ መሰለሽ።

ለእናትሽ ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን የምታወራው በደብተር ነው። «ያልሻትን ጻፊውና ልላክላት» አልኳት። እርሳሱን አነሳች። ከዚያ የጻፈችውን እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«ስሟን ነው የጠራሁት። ጠዋት ስቀሰቅሳት እንደምጠራት። ከመንገድ ለምሳ እንደምጠራት። ስትዋሸኝ። ትኩሳት ሲይዛት። ምኑን ልጻፈው?»

ደብተሩን ከደነችው።

ዲስኩ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ይሞከር ካልሽ ለጠጋኙ እወስድለታለሁ፤ ይቀመጥ ካልሽ እንዳለ ይቀመጣል። እናትሽ «የሷ ነው፣ እሷ ትወስን» ብላለች። በዚህ ሁኔታሽ ላይ ይህን ባልጭንብሽ በወደድኩ። ግን እኔ አልቻልኩም፣ ኩኩ። እጄ ወደ መሳቢያው ይሄድና ይመለሳል።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። እሑድ ደውለሽ፣ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ኤጭ! መስመሩ ተበላሽቷል» ብለሽ ዘግተሽው ነበር። መስመሩ ደህና ነበር። እኔ ሳልደርስ ሮጣ ያነሳችው እናትሽ ናት። ከዘጋሽው በኋላም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ቆማ አገኘኋት።

ሌላ ጊዜ ስትደውዪ የሚመልስልሽ ካጣሽ አትዝጊው፣ ልጄ። አንቺ አውሪ።

አጎትሽ