ለዘሀራ፣ ልጅሽ ስለምትነዳት ፈጣን መኪና

ውዷ ባለቤቴ ዘሀራ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጀምር፣ አንቺ ባለሽበት ይህ ጥያቄ የሚጠየቅ አይመስለኝም። አላህ ይዘንልሽ፣ ቀብርሽን ሰፊ ያድርግልሽ ብዬ ልጀምር። ከተለያየን ሁለተኛው ረመዳን ገብቶ ወጣ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ሁለተኛውን ግን በደንብ ጾምኩ፣ ሱቄን በሰዓቱ ከፈትኩ፣ ከጎረቤትም ጋር ተጣላሁ፤ ስለዚህ ደህና ሆኛለሁ ማለት ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የሱቁን መደርደሪያ አረንጓዴ ቀባሁት፤ አንቺ ብትኖሪ ሰማያዊ ነበር የሚሆነው። ፒካፕሽ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ጎማዋ ተንፍሷል፣ ዶሮዎቹም ከሥሯ ያድራሉ። ልሽጣት እልና ገዢ ሊያያት ሲመጣ ሰበብ ፈጥሬ እመልሰዋለሁ። ልጃችን ሐያት ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ስለደረሳት ከቤት ነው የምትመላለሰው። ቀለበትሽን እሷ አድርጋዋለች፤ ትንሽ ሰፍቷት ነበር፣ ክር ጠቅልላበት አጠበበችው። መንጃ ፈቃድም አውጥታለች። ዛሬ የምጽፍልሽ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወንድምሽ ጀማል ጉድ ሠርቶናል።

ስትታመሚ ጀማል አልጋሽ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ሐያት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ካለፈች መኪና እሰጣታለሁ ያለው ትዝ ይልሻል? ታማሚ ለማጽናናት የሚባል ነገር መስሎን ሁለታችንም ሳቅን። አንቺ እንዲያውም እንደዚያ ከሆነ ቀይ ምረጥላት ብለሽ ቀለድሽበት። ሰውየው ለካ ቃሉን ጠባቂ ነው። ከአዲስ አበባ ራሱ እየነዳ መጥቶ በራችን ላይ አቆማት። ቀይ ናት።

እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። ዝቅ ያለች፣ ልስልስ ያለች ነገር ናት። ነዳጅ አትጠጣም፤ እንደ ስልክ ቻርጅ ተደርጋ ነው የምትሄደው፤ መብራት ሲጠፋ አሁን ከፍሪጁ በፊት የምናስበው እሷን ነው። ቁልፏም ቁልፍ አይደለም፣ ካርድ ነው። መነሣቷን ለማወቅ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ምንም ድምፅ የላትም። ወደ ይጁቤ የሚወስደውን ኮረኮንች አትችለውም፤ ሆዷ ይፋቃል። አስፋልት ላይ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ጀማል ጋቢና አስቀምጦኝ ከከተማ እንደወጣን ረገጥ ሲያደርጋት፣ ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ ወንበሩ ጀርባዬን ዋጠው፤ ቆቤን ከኋላ ወንበር ላይ ነው ያገኘሁት። እንዲህ ያለች መኪና ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ትሰጣለች ወይ ብዬ ተቆጣሁ። ፍሬኗ በጣም ጥሩ ነው አለኝ። ወንድምሽን ታውቂዋለሽ።

ችግሩ እኔ መንዳት አለመቻሌ ነው። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ከተማውም ያውቀዋል። አንቺ መሪ ትይዣለሽ፣ እኔ ጨውና ሳሙናውን፣ የጨርቁን ጥቅል ጭኜ ጋቢና እቀመጣለሁ፤ እንዲህ አድርገን ነው ይጁቤን፣ አምበርን፣ ሉማሜን ስንዞር ዕድሜያችንን የጨረስነው። ነጋዴዎቹ የዘሀራ ረዳት ሲሉኝ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ሲጠሩኝ አቤት ማለት ጀመርኩ። እና አሁን ልጅ ልመክር ስነሣ፣ የሚወጣኝ ቃል ቀስ በይ የሚል ብቻ ሆነ። ቀስ በይ ያልተባለ ወጣት የት አለ? እሺ አባ ትለኛለች፣ ነገሩ በዚያ ያልቃል።

መንገድ ተዘግቶ በሰነበተበት ጊዜ መኪናዋ ከፒካፕሽ ጎን ቆማ ስለነበር፣ የሰው ሁሉ ችግር መሆኑን እያወቅሁ በልቤ ተመስገን እል ነበር። መንገዱ ሲከፈት ሐያት ሉማሜ ሄደን እህትሽን እንጠይቅ አለች። አብሬያት ገባሁ። ቀኑ የአምበር ገበያ ነበር። ሰዉ፣ አህያው፣ በጉ፣ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶን በአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ገበያው ይጎርፋል። ሐያት ፍጥነቷን አልቀነሰችም። ከፍጥነቷ ይበልጥ ያስፈራኝ ፊቷ ነው፤ ምንም አልጨነቃትም። ሰው መንገድ ይለቅልኛል ብላ ነው የምትነዳው። አንድም ሰው ግን ዞር አላለም። ልክ አጠገባቸው ስንደርስ አንድ ገበሬ አህዮቹን እየነዳ ወደ መሀል ገባ።

ፍሬኑ፣ ጀማል እንዳለው፣ ጥሩ ነው። የአንዱ አህያ ጭነት ላይ ልንደርስ ክንድ የማይሞላ ሲቀረን ቆምን። ሐያት ከቆመች በኋላ በድንጋጤ ክላክሱን ነፋችው፤ ይሄኔ አህዮቹ በርግገው አንዱ ጆንያ ተቀደደና ጤፉ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ሰውየው በበትሩ የመኪናዋን አፍንጫ መታ አድርጎ፣ ጅብ እንኳ ሲመጣ ይጮሃል፣ ይቺ ምን ዓይነት አውሬ ናት ብሎ ጮኸብን። እውነቱን ነው። ወርደን አብረነው ጤፉን አፈስን። ጤፍ ከአስፋልት ላይ ለቅመሽ ታውቂያለሽ? አያልቅም። ልጅሽ ስትቸኩል ከምታፍሰው ይልቅ የምትበትነው ይበዛ ነበር። ሰውየውም ጩኸቱን ትቶ፣ በቃ ተይው ልጄ፣ ነፍስ አልጠፋ ማለት ጀመረ።

ሉማሜ ሳንደርስ ተመለስን። ደብረ ማርቆስ ስንገባ፣ ለእማ እኮ ሁሌ ይለቁላት ነበር፣ ለእኔ ምነው ብላ አለቀሰች። ካርዱን ተቀብያት ሱቅ ውስጥ በጨርቅ ጥቅል መሀል ሸሸግሁት።

ከዚያ በኋላ አኩርፋ ሰነበተች። ኩርፊያዋ የአንቺን ነው፤ ምግብ ታቀርባለች፣ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያ ገበሬ አህያው አጠገብ ወድቆ ይታየኛል፤ አንዳንዴ እሱ፣ አንዳንዴ እሷ። አንቺን ቀብሬ ልጄን ልቀብር ነው? ወይስ የሰው ነፍስ በእጇ ጠፍቶ ሽማግሌ ይዤ ሰው ደጅ ልቆም ነው? ጀማል ጋ ደውዬ መጥተህ ውሰዳት አልኩት። እሺ፣ ግን አንድ ቀን የሌላ ሰው መኪና መንዳቷ አይቀርም፣ ያን ጊዜ አንተ አጠገቧ ባትኖር ይሻልሃል ወይ አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ቀኑን ሙሉ ግን ይሄው ነገር ሲከነክነኝ ዋለ።

አንቺ መሪ በያዝሽ ሰሞን ሰው ያለኝን አስታወስኩ። ሚስትህ ገደል ትከትሃለች ያላለኝ አልነበረም። እኔ ግን ሁሌም አጠገብሽ ተቀመጥኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ብቻሽን ከወጣሽ እስክትመለሺ ድረስ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ ስለማልችል ነበር።

አንድ ጠዋት ለዶሮዎቹ ጥሬ በትኜ ከፒካፕሽ ሥር እንቁላል ስፈልግ ማርሚታዋን፣ ያን የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ፣ አየሁት። ዝጎ፣ ተበስቶ፣ በሽቦ ታስሮ ተንጠልጥሏል። እዚያው በእንብርክኬ ቀረሁ። የሐያት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበራ! ያቺ መኪናሽ አንድ ኮረብታ ወዲያ ስትመጣ ትሰማ ነበር። የአምበር ሰው ሳያይሽ ያውቅሽ ነበር፤ አህያው ራሱ ጆሮውን አቁሞ ዳር ይይዝ ነበር። ልጃችን ጭኔ ላይ ተቀምጣ ያደገችው መንገድ በፊቷ እየተከፈተ ነው። መንገድ በተፈጥሮው የሚከፈት መስሏት ነዳች።

ለዒድ በዓል ላስደስትሽ ብዬ ጋራዥ ወስጄ ማርሚታዋን ያስጠገንኩልሽን ጊዜም አስታወስኩ። ደስ አላለሽም። አፏን ዘጋህብኝ አልሽኝ። በማግሥቱ ወደ ይጁቤ ስንሄድ መስታወቱን አውርደሽ፣ ክንድሽን አውጥተሽ፣ ሰው በታየ ቁጥር በሩን በመዳፍሽ ትመቺው ነበር፤ ቀለበትሽ ብረቱ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ክላክስ እንስሳ ያስበረግጋል፣ ይሄ ግን ሰላምታ ነው ብለሽኝ ነበር። ማርሚታዋ ተመልሶ ከተበሳ በኋላም ልማዱ አልለቀቀሽም።

ካርዱን አውጥቼ ለሐያት መለስኩላት፤ በነጻ ግን አይደለም። አስቀምጬ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፣ የማውቀው ደግሞ ከጋቢና ሆኜ ያየሁሽን ነው። እናትሽን ስላከበሯት አልነበረም፣ ስለሰሟት ነው የለቀቁላት አልኳት። ይቺ መኪና ዲዳ ስለሆነች ለራስሽም ለእነሱም አንቺው ታስቢያለሽ። ሰው ጀርባውን ከሰጠሽ እንዳላየሽ ብቻ ሳይሆን እንዳልሰማሽም ቁጠሪው። እናት ወዲህ ልጅ ወዲያ ቆመው ካየሽ ልጁ መሻገር እንደጀመረ አድርገሽ ያዢው። ላም ካለፈች ጥጃዋን ጠብቂ። ክረምት ላይ ከማሳ የሚወጣው ጭቃ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል፣ ጉም ሲወርድ ደግሞ እናትሽ ቆማ ሻይ ትጠጣ ነበር እንጂ አትንደረደርም። ከኋላሽ ክላክስ እየነፋ የሚያጣድፍሽን አሳልፊው፤ ቀድሞሽ ቢሄድ የወሰደብሽ ነገር የለም። መኪናዋ ጉልበት ስላላት ብቻ መርገጥ የለብሽም፤ እኔም ሱቄ ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ አልለብስም። ይሄን ጊዜ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። ጓደኞችሽን እስከሚመጣው ክረምት ድረስ አትጭኚም ስላት ሳቋ ቆመ፣ ግን እሺ አለች። ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ አለችኝ። ረዳት ነበርኩ አልኳት።

በሩን መምታትሽን ግን አልነገርኳትም። ስለእሱ ላወራ ስል ወሬ እቀይራለሁ። ናፍቀሽኛል ዘሀራ።

የመጨረሻው ውላችን በአምበር ገበያ ቀን አብረን በዚያው መንገድ ልንሄድ ነበር፤ ካልሆነላት መኪናዋ ለጀማል ትመለሳለች ተባብለናል። ባለፈው ሳምንት ሄድን። ቀበቶዬን አሰርኩ፣ ዱዓዬን አደረግሁ፣ ቆቤን በእጄ ያዝኩ። ሰዉ እንደዚያን ዕለቱ ጀርባውን ሰጥቶን ይጎርፋል። ጤፉ ከፈሰሰበት ቦታ ስንቃረብ ሐያት ፍጥነቷን እያበረደች፣ እያበረደች መጥታ በሰው እርምጃ መሄድ ጀመረች። ከዚያ መስታወቱን አወረደች። ክንዷን አወጣችና በሩን በመዳፏ መታችው።

እኔ አልነገርኳትም ብዬሻለሁ። ጭኔ ላይ ሆና ያየችው ነው መሰለኝ። የዚች መኪና በር እንደ ፒካፕሽ አይጮህም፣ ድምፁ ደፈን ያለ ነው፤ ቀለበቱ ግን ያው ቀለበት ነው። ቀጭ ቀጭ አለ። ከፊታችን አህያ እየነዱ የሚሄዱ አንዲት አሮጊት ዞር ሳይሉ አህያቸውን ወደ ዳር ሳቡ። ዓይናቸው ከአህያቸው ሳይነሣ እጃቸውን ብቻ ወደ እኛ ከፍ አድርገው፣ ዘሀራ፣ ምነው ጠፋሽ አሉ።

መሞትሽን አልሰሙም። ልጅቷ መሪውን ለቅቃ የምታለቅስ መስሎኝ ፈራሁ። እሷ ግን ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ አንቺ ትመልሺላቸው እንደነበረው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አለሁ እማማ አለቻቸው።

አሮጊቷን አላረምናቸውም። በቀስታ አልፈናቸው ሉማሜ ገባን፣ እህትሽም ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች። መኪናዋም እኛ ዘንድ ትቆያለች። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በአምበር ገበያ ቀን እዚያ መንገድ ላይ ነኝ፤ ሐያት በሩን ትመታለች፣ ጠፋሽ ላለሽ ሁሉ ትመልስልሻለች። እኔ እንደ ድሮው ጋቢና ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ረዳትሽ፣
ሰዒድ