ከኋላ የያዘ «አውርዱ» አይልም

ሰማይን ያለ ባላ፣ ምድርን ያለ ካስማ፣ ሁለቱንም ያለ ባሬላ ባቆመ በአንድ አምላክ ስም እጀምራለሁ። አሜን።

እኔ ብዙነሽ ተፈራ፣ የሸዋ ሮቢት ነዋሪ፣ የሟቹ የገብረሚካኤል ሚስት፣ ዛሬ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.፣ ባለቤቴ ስሙን ባገኘበት በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ በገዛ ቤቴ አልጋ ላይ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያባብለኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ደረቴ ታሟል፣ እግሬም አብጧል፤ አእምሮዬ ግን ደህና ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ትናንት የበሰበሰ ሽንኩርት ሊሸጥልኝ የሞከረውን ነጋዴ ይጠይቅ።

ቃሌን የሚጽፈው ማመልከቻ ጸሐፊው አሰፋ ነው። «እንዳልኩህ ጻፍ፣ አታሳምርልኝ» ብዬዋለሁ። «እሺ እትዬ» ብሏል፤ እናያለን። ምስክር ሆነው የተቀመጡት የነፍስ አባቴ መምሬ ተሰማ፣ ሻይ ቤት ያላት ጎረቤቴ ወይዘሮ ዓይናለም፣ የጭነት መኪና ነጂው አቶ ዓለሙና የሥራ ጓደኛዬ ሐምዲያ ሷሊሕ ናቸው። ከምስክሮቹ ሌላ ከደብረ ሲና የወረደችው ልጄ ሐረገወይንና የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ብርሃኑ አሉ። ሁለቱም ይህን ቤት ይፈልጉታል። ለማን እንደምሰጠው ሳልናገር የያዙት ሻይ እንደማይወርድላቸው አያለሁ፤ ግን ይታገሱኝ፣ ሰው የሚናዘዘው አንድ ጊዜ ነው።

ከማንም የተበደርኩት የለኝም፣ ማንም የሚመልስልኝም የለም። ተዝካሬን አታብዙ፤ ለማይጠግብ ሕዝብ በሬ አይታረድም። ሁለቱ ጋቢዎቼ ለደብሩ ችግረኞች ይሰጡ።

በጓሮ ያለው የሎሚና የብርቱካን ቦታ ከነጉድጓዱ ለልጄ ለሐረገወይን ይሁን። ልጄ ሆይ፣ ለአማቶችሽ «እናቴ የጥጥ ነጋዴ ናት» ብለሽ እንደነበር ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩሽም፤ ደጋ ስትወጪ ብርዱ አሳብዶሽ ነው። ይኸው ግን አሁን በኑዛዜ ተጻፈ፣ እናትሽ የድንጋይ ተሸካሚ ነበረች። ወረቀቱን ለአማትሽ አንብቢላት።

ሐምዲያን በተመለከተ። አሰፋ እንደነገረኝ በሕጉ አንድ ሰው ወራሽም ምስክርም መሆን አይችልም። ስለዚህ ጠየቅኋት። «አንቺ ሐምዲያ፣ የብር ጉትቻዬን ላውርስሽ ወይስ ምስክር ትሆኚልኛለሽ?» አልኳት። ጉትቻውን ካየችው ቀን ጀምሮ ትወደዋለች። አሰብ አደረገችና፣ «ወላሂ ብዙነሽ፣ ጉትቻ ከገበያም ይገኛል። ነይ መስክሪ ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። ምስክርነቱን ስጪኝ» አለች። ስለዚህ ለእሷ የማወርሳት አንዳች ነገር የለም። ጉትቻውንም ሐረገወይን ትውሰደው፤ ባደረገችው ቁጥር ከማን ተርፎ እንደደረሳት ታስብ።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ። የፈረድኩት ፍርድ እንዲገባችሁ አስቀድሜ ስለ ባሬላ እናገራለሁ። «ይህን ሁሉ እናውቃለን» የምትሉ ዝም በሉ፤ ወረቀቱን ነገ የሚያነበው ሰው አያውቅም።

ባሬላ ድንጋይና ጭቃ ተጭኖበት ሁለት ሰው የሚሸከመው እንጨት ነው። ከፊት ባል ይይዛል፣ ከኋላ ሚስት ትይዛለች። የፊቱ መንገዱን ያያል፤ የኋላይቱ የፊቱን ሰው ጀርባ ታያለች። ዳገት ሲሆን ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ይመጣል። ማስቀመጥ ሲያስፈልግ «አውርዱ!» ብሎ የሚጣራው የፊቱ ብቻ ነው። የኋላው ሳይጠራ ካወረደ የፊቱ ሰው ተጎትቶ በጀርባው ይወድቃል፣ ወገቡም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «ከኋላ የያዘ አውርዱ አይልም» የሚል ደንብ ነበረን። ለሥራው ትክክለኛ ደንብ ነው፤ የተበላሸው የኑሮ ደንብ ያደረጉት ጊዜ ነው። ደመወዝ ለፊቱ እጅ ተሰጠ። ስም የፊቱ ብቻ ተጻፈ። «ስንት ሠራተኛ አለህ?» ሲባል የሥራ አለቃው፣ ካቦው፣ የሚቆጥረው ባሬላ ነበር።

ገብረሚካኤልን ግን አልከሰውም። ዕድሜዬን ሙሉ ከጀርባው ሄድኩ፤ ያንን ጀርባ ከፊቱ አብልጬ አውቀው ነበር። ሲደክመው ቀኝ ትከሻው ዝቅ ይላል። ሲስቅም ከኋላ ሆኜ አውቃለሁ። እወደው ነበር፣ ይጻፍ።

የሮቢ ወንዝ በየክረምቱ እየሞላ ከዳር ያለውን እርሻና ጎጆ ሲጠርግ ጊዜ፣ ጎርፍ የሚከለክል ግንብ እንዲሠራ አንድ ተቋራጭ መጣ። ሁላችንም እዚያ ገባን። የቆላው ፀሐይ ድንጋዩን ከምድጃ እንደወጣ ያደርገዋል፤ መዳፋችን ተላጠ። ክረምቱ በተቃረበ ቁጥር ሰውየው ያለ ዕረፍት ያሠራን ነበር። ሰው ሲጎዳበትም «ሌላ ባሬላ ይመጣል» ይላል። ይህ አቶ ብርሃኑ ያን ጊዜ ጎረምሳ ግንበኛ ነው፣ ምላሱ እንደ መሮ የሾለ። በአዲሱ ሕግ የሠራተኛ ማኅበር ማቆም ይቻላል ብሎ ወንዶቹን አሰባሰበ። ተቋራጩ ይህን ሰምቶ ሥራው መካከል ድረስ መጣና ሳቀ። «ማኅበር ለማቆም ሃምሳ ሠራተኛ ያስፈልጋል። እናንተ ሠላሳ ምናምን ናችሁ። ሂዱና ውለዱ!» አለ።

እኛ ባሬላችን ሞልቶ፣ ወደ ግንቡ በሚያወጣው መወጣጫ ላይ በተርታ ቆመን ይህን እንሰማለን። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ብርሃኑ እንኳን አብሮ ደፋ። ያን ጊዜ ነው ከእኔ ቀጥሎ ካለው ባሬላ፣ ከባሏ ከሐሚድ ጀርባ፣ የሐምዲያ ድምፅ የመጣው።

«እኛስ? ያ ረቢ! እኛ ከኋላ ያለነው ጅን ነን እንዴ?» አለች። ትንፋሿን ሰበሰበችና ጮኸች፤ «አውርዱ!»

እግዚኦ! ከኋላ የያዘች ሴት እንዲህ ስትል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ክንዴ ከእኔ ቀድሞ ታዘዘ። ቀና ብዬ ባይ ከመወጣጫው ራስ እስከ እግሩ ያሉት ሴቶች ሁሉ አብረው ጎንበስ ብለዋል። ክርስቲያኗ፣ እስላሟ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ትናንት ከባሏ የተጣላችው ሳትቀር፣ ሁሉም ቀስ ብለው የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጡ ሆነው አወረዱ። አንድ ወንድ አልተጎተተም፣ አንዲት ጠጠር አልተንከባለለችም። የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ። መምሬ፣ ይፍቱኝና፣ በቅዳሴ መጋረጃው ሲገለጥ የሚይዘኝ መንቀጥቀጥ ያን ቀን በዚያ ድንጋይ ላይ ያዘኝ።

ተቋራጩ ደነገጠና በወንዶቹ ላይ ጮኸ። «ሚስቶቻችሁን አንሱ በሏቸው!» አለ። ገብረሚካኤል በሥራ ላይ ሳለ ወደ ኋላ ዞሮ ፊቴን ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። አይቶኝ፣ አይቶኝ፣ ወደ ሰውየው ተመለሰና፣ «ጌታዬ፣ እኔ አላወረድኩም። ያወረዱት እነሱ ናቸው። ለእነሱ ይንገሯቸው» አለ።

ለእኛ ለመናገር ታዲያ አስቀድሞ ሊያየን ግድ ሆነበት። ከላይ ጀምሮ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረን። ከወንዶቹ ጋር ስንደመር ሃምሳን አለፈ። ባለፈ ቁጥር ድምፁ እየሟሸሸ ሄደ። የዚህ አገር የግንባታ ሠራተኞች ማኅበር የቆመው በዚያ ቀን፣ በዚያ ቆጠራ ነው። ግንቡም አለቀ። በዚያው ክረምት ሮቢ ዛፍ ከነሥሩ ይዞ ሲመጣ ሴቶቹ ሁሉ ወጥተን ዳር ቆምን። ያ ሁሉ ውሃ እኛ ከኋላ ይዘን ያወጣነውን ድንጋይ ተጋፍቶ፣ ተጋፍቶ፣ ታክኮት አለፈ።

ከዚያስ? ከዚያማ የአባልነት ካርድ መጣ፤ ካርዱም ለአንድ ባሬላ አንድ ሆነ፣ ለፊቱ እጅ። «ለጊዜው ነው እትዬ» አለኝ ብርሃኑ። ጊዜው ይኸው እስከ ዛሬ አላለፈም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሐሚድ በንዳድ ሞተ። ሐምዲያ ሐዘኗን ጨርሳ ወደ ሥራ ስትመለስ ካቦው «ካርድ አምጪ» አላት። ካርዱ የሐሚድ ነበር። ካርድ የሌለው ሰው አይሠራም የሚለውን ደንብ ያወጣው ደግሞ የራሳችን ማኅበር ነው። ማኅበሩን በአንድ ቃል ያቆመች ሴት ከማኅበሩ ደጅ ተመለሰች። ገብረሚካኤል ሲሞት እኔም ያው ደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መበለቶች አንድ ባሬላ ይዘን፣ ካርድ በማይጠየቅበት በየሰው አጥርና በየሰው ጓሮ ሠራን፤ ከፊት የምንይዘውም ተራ በተራ ነበር። ከፊት በያዝኩ በመጀመሪያው ቀን መራመድ አቃተኝ። መንገዱ ወለል ብሎ፣ የጣርማ በር ገደል ከነደመናው ከፊቴ ቆሞ! «እንዲህ ነው እንዴ የሚታየው?» ብዬ ጮህኩ። «ሂጂ እንጂ፣ ክብደቱ እኮ እኔ ጋ ነው!» አለችኝ ሐምዲያ።

እንግዲህ ቤቱ። ማኅበሩ የተከራየውን ክፍል ልቀቅ ተብሏል፣ መሰብሰቢያ የለውም። ይህን ቤት እኔና ገብረሚካኤል ድንጋዩን ራሳችን አመላልሰን ሠራነው፤ ሰፊ ነው፣ ነፋስም ያገኘዋል። ቤቱ ለማኅበሩ ይሁን። ነገር ግን በግንባታ ሥራ የምትተዳደር ሴት ሁሉ፣ ድንጋይ ብትሸከም፣ አሸዋ ብትነፋ፣ ጭቃ ብታቦካ፣ በራሷ ስም፣ በራሷ ካርድ አባል ትሁን። ባል ቢኖራትም ባይኖራትም፣ ባሏ ቢወድም ባይወድም። ግንበኝነት ልማር ብላ የምትመጣ ልጅ ብትኖር ቱምቢና መዶሻ ይስጧት እንጂ አይሳቁባት። ከማኅበሩ መሪዎችም መካከል ሴት ትቀመጥ። ይህ ሁሉ እስከሚመጣው ፋሲካ ድረስ ካልተፈጸመ ቤቱ ለልጄ ለሐረገወይን ይሆናል፤ ልሽጠውም ብትል ትሽጠው።

በዚህ ጊዜ አቶ ብርሃኑ ተነሥቶ፣ «እትዬ ብዙነሽ፣ ይህን እኔ ብቻዬን ልወስነው አልችልም። ወንዶቹ ይቆጣሉ፤ ስብሰባ ያስፈልጋል» አለ። አሰፋ ብዕሩን አቆመ። «ጻፍ እንጂ፣ ምን ትቆማለህ? ይህንንም ጻፍ» አልኩት። «ብርሃኑ፣ ያን ቀን መወጣጫው ላይ ስብሰባ ጠርተን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከተቆጡስ የት ተሰብስበው ሊቆጡ ነው? ከዋርካ ሥር?» ስለው ዓይናለም ሳቋን መያዝ አቃታት። ብርሃኑ ክፉ ሰው አይደለም። መሬት ላይ ሳለ ደፋር ነበር፣ ወንበር ላይ ሲወጣ ፈራ።

ሐረገወይንም እያለቀሰች፣ «እማዬ፣ ታዲያ እኔ እንዳይፈጸም ልጸልይ ነው?» አለችኝ። አይ የኔ ልጅ! ሳቄ መጣ፣ ሳል አፈነኝ፣ ውሃ ሰጡኝ። የእኔ ዓለም፣ እንዲፈጸም ጸልዪ። አንቺም ሴት ልጆች አሉሽ፤ የሰው ጀርባ ብቻ እያዩ እንዳይኖሩ።

በመጨረሻ ስለ ሥጋዬ። ቃሬዛ ማለት ረዘም ያለ ባሬላ ነው፣ አትፍሩት። አስከሬን ተሸካሚ ወንድ እንደሆነ አውቃለሁ። መምሬ ተሰማን ግን ጠይቄያቸዋለሁ፤ «ሴቶች ሲሸከሙ አይቼ አላውቅም፣ የሚከለክል ግን አላነበብኩም» ብለውኛል። ስለዚህ አብረውኝ የሠሩ ሴቶች ይሸከሙኝ። ከኋላ ሐምዲያ ትያዝ። እሷ የምትሄደው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሃይማኖቴ ይረከበኛል። በደጁ ላይ «አውርዱ» የሚለው ከፊት የያዘ ሰው አይሁን። እሷ ትበል። እሷ እስክትል ድረስ ማንም እንዳያወርደኝ።

ቃሌ ይህ ነው፤ ከዚህ የሚጨመርም የሚቀነስም የለም።

እኔ ጸሐፊው አሰፋ ይህን ኑዛዜ በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድምፅ አንብቤያለሁ። ተናዛዧ «እኔው ነኝ» ብለው አውራ ጣታቸውን አኑረዋል።

ምስክሮች፦

መምሬ ተሰማ፣ የነፍስ አባት። ፊርማ።

ወይዘሮ ዓይናለም ሙሉ፣ ባለ ሻይ ቤት። ፊርማ።

አቶ ዓለሙ ገብረ ማርያም፣ መኪና ነጂ። ፊርማ።

አራተኛዋን ምስክር እንደ ልማዱ «የሟቹ የሐሚድ ሚስት» ብዬ ልጽፍ ስል፣ «ሥራዬን ጻፍ፤ የማኅበሩ አባል ናት ብለህም ጨምር» አሉኝ ሐምዲያ ራሳቸው። አቶ ብርሃኑን አየኋቸው። ቀረብ አሉና፣ «ጻፍ፤ ለወንዶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ» አሉ፤ ይህን ማለታቸውንም ከዚህ በታች በፊርማቸው አረጋግጠዋል። ስለዚህ እንዲህ ተጻፈ፦

ሐምዲያ ሷሊሕ፣ የአሊዩ አምባ ተወላጅ፣ የግንባታ ሠራተኛ፣ የማኅበሩ አባል። የአውራ ጣት ምልክት።

ብርሃኑ፣ ሊቀ መንበር። ፊርማ።