ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የዛቅሁት አፈር

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ስልክ ተደውሎልኝ ቴሌ ተጠርቼ ሄድኩ። ትዕግሥት ናት፣ የድሮ ተማሪዬ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ የአፈር ቅንቅኖችን ታጠናለች። «እትዬ፣ አዲስ ናት! እስካሁን ማንም አልመዘገባትም!» አለችኝ። ከላክሁላት አፈር የወጣችውን ቅንቅን ማለቷ ነው፤ ስምንት እግር አላት፣ ከአሸዋ ቅንጣት ታንሳለች። አፈሩ የጓሳ ጥብቅ ሣር ሜዳ ነው ብላ በጓሳ ስም ልትሰይማት ነው። ጽሑፉ ዓርብ ይላካል። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ሌላ ነገር ሳልናገር ስልኩን ዘጋሁ።

ማክሰኞ
ልጻፈው። አፈሩ የጓሳ አይደለም። አፈር ላኪልኝ ባለችኝ ሰሞን ጓሳ ተዘግቶ ነበር። ጠባቂዎቹ «እማማ፣ ሣሩ ቀርቶ ጓል አይነሣም» አሉኝ። ምንም ሳልልክላት መቅረት አፈርኩ። ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ስመለስ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ክዳን የመጣ የጓሳ ሣር ግቢው ውስጥ ተከምሮ አየሁ። ከክምሩ ሥር አፈር ዛቅሁና ከረጢቱ ላይ «ጓሳ» ብዬ ጻፍኩ። ከሣሩ ጋር የመጣ ነው አልኩ፣ ለራሴ።
ትዕግሥትን ተማሪዬ ሳለች፣ ያላየችውን ቅጠል አየሁ ብላ ሥላ ስላመጣች ክፍሉ ፊት አንበርክኬያታለሁ።

ረቡዕ
ክዳን ሠሪውን ጋሽ ማሞን ጠየቅሁ፤ ሣሩ አፈር ይዞ ይመጣል ወይ? ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ጓሳ በማጭድ ይታጨዳል እንጂ እንደ ሽንኩርት ይነቀላል እንዴ? ይህን ሁሉ ዘመን መንዝ ኖረው!»
አውቅ ነበር። ሳልጠይቀውም አውቅ ነበር።
ልነግራት ቴሌ ሄድኩ። መስመር የለም አሉኝ። ደስ አለኝ። ይህም ሌላ ነውር።

ሐሙስ
ነገርኳት። «እትዬ፣ እርስዎ?» አለች። ጽሑፉን ነገ አትልከውም። «እመጣለሁ፤ ቦታውን ያሳዩኛል» ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ
መጣች። ሳመችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። ቄሱን አስፈቅደን ራሷ ቆፈረች። አፈሩን ወንፊት ላይ አድርጋ አምፖል አበራችበት። ቅንቅኖቹ ሙቀቱን ሲሸሹ ከታች ወዳለው የአልኮል ብልቃጥ ይወድቃሉ። መጠበቅ ነው።

ማክሰኞ
ሁለት ተገኙ! «ያችው ናት!» ብላ ጮኸች። አዲስነቷ አልቀረም፤ የጓሳ ልትባል ግን አትችልም። 
ለማረጋገጥ እንደገና ቆፈረች። ከረጢቱን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ። «ይተዉት እትዬ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለች፣ በትሕትና።
የቦታውንም ስም ከረጢቱ ላይ ራሷ ጻፈች። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር፤ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።