ሻምበልን ያዛወርሁበት ቅዳሜ

ደምሰው፣ የልጄ አባት፣

እንዴት ሰነበትህ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ። ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ፤ ሙት ዓመትህ እየቀረበ ነው። እስካሁን አንዲት መስመር ያልጻፍሁልህ ስላልናፈቅኸኝ አይደለም። የምነግርህ ነገር ሁሉ መልሶ አንተን መጠየቅ ስለሚያሰኘኝ ነው። ዛሬ ግን ሳልጠይቅህ የሠራሁት ሥራ አለ። አሳህን፣ ያን አምባዛ፣ አዛውሬዋለሁ።

ቤቱን ትሠራበት ለነበረው ኮሌጅ አስረክበናል። አልጨከኑብንም፣ በቂ ጊዜ ሰጥተውናል፤ ያም ሆኖ ቤቱ የሠራተኛ መሆኑን አንተም ታውቀዋለህ። እኔና ማኅሌት ግሽ አባይ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተናል። ልጅህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ስታጠና ልክ እንዳንተ እግሯን ታወዛውዛለች። እኔን ፋብሪካው ከፈትል ክፍል ወደ መጋዘን አዛውሮኛል፤ ጫጫታው ቀለለልኝ። ወንበርህንም መጻሕፍትህንም ይዘን ወጥተናል። ያስቸገረን ጓሮ ያለው የሲሚንቶ ገንዳህና ውስጡ የሚኖረው ጌታ ነበር።

ሰው ሁሉ መከረኝ። እናቴ፣ “ቅርፊት የሌለው አሳ ለእኛ አይበላ፣ ምን ያደርግልሻል? ሐይቅ ጣይውና ተገላገይ” አለችኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ያን አሳ አልወደውም ነበር፤ አንተም ታውቃለህ። ከላቦራቶሪ ስትመለስ እኔን ሳትጠይቅ ወደ ጓሮ ታልፋለህ፣ እጅጌህን ትሰበስባለህ፣ እሱም ከሥር ብቅ ብሎ ጣትህን በአፉ ይይዛል። የጣት ያህል ሆኖ ያመጣኸው ፍጥረት በስምንት ዓመት ክንድ ከስንዝር ሲሆን፣ ለሪዙ ስትል ሻምበል አልኸው። ሻምበሉ እሱ፣ ተራ ወታደሯ እኔ፤ እንዲህ እያልሁ አስቅህ ነበር። ግማሹ ግን ቀልድ አልነበረም።

ሐይቅ ስለመጣል ያልኸኝ ትዝ አለኝና ተውሁት። “የሰው እጅ የለመደ አሳ መጀመሪያ ወዳየው የአሥጋሪ ጀልባ ነው የሚሄደው” ብለኸኝ ነበር።

አሁን ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርህ። ሆስፒታል ሳለህ፣ በመጨረሻው ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገብህ አስቀመጥኸኝና አሳው እንዴት እንደሚጓጓዝ ታስረዳኝ ጀመር። ድምፅህ ደክሞ ነበር፤ በየመሃሉ ታርፋለህ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር እጠብቅ ነበር። ስለ እኔ፣ ስለ ሃያ ዓመታችን አንድ ነገር እንድትለኝ። በመጨረሻ፣ “ስለ አሳ ነው የምትነግረኝ? እኔስ?” አልሁህና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ስመለስ ተኝተሃል። ከዚያ በኋላ ውኃ ስጪኝ ከማለት በቀር ብዙ አልተናገርህም። ቀብርህ ላይ እንኳ እንባ አልመጣልኝም፤ ያ ንግግሬ ከልክሎኝ ነበር።

ጨርቅ ነጋዴውን ጋሽ እንድሪስን ታስታውሳቸዋለህ፤ ሐይቁ ዳር ላለው የማንጎ እርሻቸው ውኃ ትመረምርላቸው ነበር። ችግሬን ሰምተው መጡ። “እህቴ፣ ችግኝ የማጠጣበት ሰፊ ገንዳ አለኝ። ደምሰው ለዓመታት በነፃ ደክሞልኛል፤ አሳው የት ይሄዳል?” አሉኝ። ቀጥለውም፣ “ግን እንዴት ነው የሚጓዘው?” ብለው ጠየቁኝ።

አላውቅም ልል አፌን ስከፍት ያንተ ቃል ወጣ። ሁለት ቀን ምግብ አይሰጠው፤ ሆዱ ሞልቶ ከተጓዘ ውኃውን ያበላሸዋል። መረብ አይንካው፤ የጎን ክንፉ እሾህ ይጠላለፋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሆዱን ከሥር ደግፉ። የኖረበትን ውኃ በበርሜል ያዙለት፤ ክደኑት፣ ግን ብቅ ብሎ አየር የሚስብበት ክፍተት ተዉለት። አንድም የጎደለኝ አልመሰለኝም። ማኅሌት አፍጥጣ ታየኛለች። ያልሰማሁህ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሱሪህን ለብሼ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። ማኅሌት የራሰ አንሶላ ይዛ ከዳር ትጠብቃለች። መጀመሪያ ስይዘው በጅራቱ አንዴ መታኝና ውኃው ውስጥ ቁጭ አልሁ። ልጅህ ሳቀች፤ ከሄድህ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። በሁለተኛው ተያዘ። ጋሽ እንድሪስ ፒካፓቸው ላይ የጫኑትን በርሜል በጆንያ ሸፍነን አሰርነው፤ እኔና ማኅሌትም ከኋላ አብረነው ተቀመጥን።

የሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ስንደርስ ባጃጅ ድንገት ገባብን። ፍሬኑ ሲያዝ በርሜሉ ወደቀ፣ ገመዱ ተፈታ፤ ሻምበል ከነውኃው ፒካፑ ላይ ተዘረገፈ። ዘልዬ በአንሶላው ሸፈንሁትና ደረቴ ላይ አቀፍሁት። ጋሽ እንድሪስ ደንግጠው ወረዱ። “እህቴ፣ ሐይቁ ይኸው አጠገባችን ነው፤ እንልቀቀው እንዴ?” አሉኝ። በዛፎቹ መሃል ውኃው ይታየኛል። አሳው ክንዴ ላይ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

ያን ጊዜ የረሳሁት አንድ ቃልህ መጣልኝ። “ቆዳው እስካልደረቀ ድረስ ከውኃ ውጭም ይቆያል። አትደንግጪ” ብለኸኝ ነበር። ከዚያም እንደገና፣ የአሳውን ነገር ሳታነሳ፣ ዓይኔን እያየህ፣ “አትደንግጪ፣ ዘውዴ” አልኸኝ። እኔ ኮሪደር የወጣሁት ከዚህ በኋላ ነው፣ ደምሰው። የምጠብቀውን ነግረኸኝ ሳለ ነው የወጣሁት።

“አይ፣ ቀስ ብለው ይንዱልኝ” አልኋቸው። ማኅሌት በርሜሉ ውስጥ የቀረውን ውኃ በእፍኟ እየቀዳች አንሶላውን ታርሳለች። እኔ አሳህን እንደታቀፍሁ እስክንደርስ ድረስ አለቀስሁ፤ የአሥራ አንድ ወሩን ሁሉ። መንገደኛው ምን እንዳለ አላውቅም።

እርሻው ስንደርስም አልቸኮልንም። ጥቂት ውኃ የቀረበት በርሜል ውስጥ መልሰን ከትተነው አዲሱን ውኃ በየጥቂቱ ጨመርንለት፣ እስኪለምደው። ከዚያ በርሜሉን ገንዳው ውስጥ አጋደምነው፤ እሱ በራሱ ጊዜ ወጣ። ስምንት ቀን ምንም አልበላም። ከሥራ ስወጣ እየሄድሁ ዳሩ ላይ እቀመጥ ነበር። በዘጠነኛው ቀን የወረወርሁለትን የጉበት ቁራጭ አንስቶ ወደ ጥልቁ ሄደ። ወደ እጄ አይመጣም። ጋሽ እንድሪስ፣ “ይለምድሻል” ይሉኛል። ባይለምደኝም አልከፋም፤ የሚያውቀው እጅ ሌላ ነው።

ለማኅሌት የዚያን ቀን ቁጣዬን ሳልደብቅ ነግሬያታለሁ። ስለ አንተ ሳወራላት አሳምሬ ብቻ አላወራም፤ እንደነበርህ፣ እንደነበርን ነው የምነግራት። ከእርሻው ስመለስ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ስትዘቀዝቅ፣ “እየው” ልልህ አሁንም ወደ ጎኔ እዞራለሁ። ይህን መዞር አልተውም፣ ደምሰው። አንገቴ እሺ እስካለኝ ድረስ ወዳንተ እዞራለሁ።

ዘውዴ
ባሕር ዳር