የሦስት ልጆች አባት፣ መምህር ረታ ከፈለ (1970–2017 ዓ.ም.)

መምህር ረታ ከፈለ ሥራ በሚገቡበት ጠዋት ሁሉ ቁርሳቸውን ቆመው ይበሉ ነበር። ደጃፍ ላይ ጎረቤታቸውን አቶ ኦቻላን በአኙዋክኛ፣ የባጃጅ ሾፌሩን ነጂብን በአማርኛ ሰላም ብለው ወደ ጋምቤላ ከተማ መሃል ይወርዳሉ። ከዚያ በመምህራን መኪና ተሳፍረው ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ሲደርሱ ሰላምታቸው ኑዌርኛ ይሆናል።

ከአባታቸው ከአቶ ከፈለ ውቤና ከእናታቸው ከወ/ሮ አባይነሽ ሞላ በ1970 ዓ.ም. በወሎ ተወለዱ። በ1977 ዓ.ም. ቤተሰቡ በሰፈራ ወደ ጋምቤላ ሲመጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ያደጉትም አቦቦ ነው። ሁለተኛ ደረጃን በጋምቤላ ከተማ ጨርሰው፣ በጅማ በጂኦግራፊ ከተመረቁ በኋላ መጀመሪያ በከተማው፣ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በትየርኪዲ አስተምረዋል።

በ1997 ዓ.ም. ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀችው ከባለቤታቸው ከአልማዜ ጋር በተክሊል ተጋብተው አዶኒያስንና አቢጋኤልን ወልደዋል። በ2006 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽታ በድንበር ከተማዋ በማታር በኩል የገባችውን ወላጅ አልባ የኑዌር ልጅ ኛሙትን፣ ከአክስቷ ጋር ተስማምተው ወደ ቤታቸው አመጧት። ኛሙት የቤቱ ታላቅ ልጅ ሆነች።

ተማሪዎቻቸው «ቲቸር፣ አንተ የየት አገር ሰው ነህ?» እያሉ ይፈትኗቸው ነበር። «ወሎ ስሄድ የጋምቤላ ሰው ይሉኛል፤ ኬንያ ብሻገር ኢትዮጵያዊ፣ ባሕር ብሻገር አፍሪካዊ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። አንዱን ለመሆን ሌላውን አልተውም» ይሏቸዋል። አንዱ ተማሪ «ታዲያ የጋምቤላ ሰው ከሆንክ ዋና ለምን አትችልም?» ቢላቸው ከክፍሉ ሁሉ አብልጠው የሳቁት እሳቸው ነበሩ። ኛሙት የማን ልጅ እንደሆነች ለሚጠይቅ ግን ረጅም መልስ አልነበራቸውም። «የኔ» ይሉ ነበር።

ባለፈው ግንቦት በጉበት ሕመም አልጋ ሲይዙ ኛሙት በማታር በነርስነት ትሠራ ነበር። «ኛሙትን ጥሩልኝ» ሲሉ ባለቤታቸው «ትደነግጣለች፤ ሲሻልህ ትመጣለች» አለቻቸው። በሐምሌም ደግመው ጠየቁ። መልሱ ያው ነበር። ኛሙት ስትደውልም ደህና ናቸው ትባል ነበር።

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ለሩቅ ወዳጅ ሁሉ ወዲያው ተደወለ። ልጅ ግን የአባቷን መርዶ በስልክ አትሰማም፤ ሽማግሌዎች ማለዳ ሄደው፣ አስቀምጠው ይንገሯት ተባለ። በዚያው ሌሊት የጣለው ዝናብ የማታርን መንገድ ዘጋው። ልጅ በመሆኗ ከሁሉ በኋላ፣ ያውም በስልክ ሰማች።

«በኛ ወገን ልጅ ቀድሞ ነው የሚጠራው» አለች ኛሙት። «ሰው ሁሉ ከሰማ በኋላ የምሰማ፣ እኔ ምናቸው ነበርኩ?»

መልሱ የሳቸው ስለነበር እዚህ ተጽፏል፤ መምህር ረታ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ።

ያስተማሯቸው ሁሉ በየቋንቋቸው የሚለምኑት አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ቦታ ያሳርፍ፤ ጠርተው ላጡትም እሱ ይካሳቸው።

ዛሬ ነሐሴ 14 ቀን አዶኒያስና አቢጋኤል ከአባታቸው አስከሬን አጠገብ ቆመዋል። ታላቅ እህታቸው ኛሙት የለችም።